ጎረምሳውና ቁንጫ

ጥቅምት 9

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አጎቴ፣

እንደምን ከርመዋል ጋሼ? ጉልበትዎስ? እትዬስ እንዴት ናቸው፣ የስፌት መኪናቸው አሁንም ጎረቤቱን ሁሉ በጠዋት ይቀሰቅሳል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። እዚህ ብርዱ ጀምሯል፣ ቤቴ ግን ይሞቃል። የጎደለኝ ነገር ቢኖር የእርስዎ ቁጣና የእትዬ ሳቅ ነው።

ዛሬ የምጽፍልዎ ለሰላምታ ብቻ አይደለም፤ ጉዳይም አለኝ። እንደሚያውቁት የምሠራበት ቢሮ ገደል ለሚወጡ ሰዎች መጽሐፍ ያዘጋጃል። የትኛው ቋጥኝ የት እንዳለ፣ በምን እንደሚኬድ፣ ገመዱ የት እንደሚታሰር የሚናገር መጽሐፍ ነው። በሚመጣው እትም የማን ቋጥኝ እንደሚገባ እስቲ ይገምቱ። የእኛው! ያ ከከተማው በላይ ያለው፣ እኔ በልጅነቴ ተንጠልጥዬ እርስዎ ከሥር ሆነው "ውረጂ አንቺ ጦጢት!" እያሉ ይጮሁበት የነበረው። አለቃዬ "የአገሩ ልጅ አንቺ ነሽ፣ ገጹን አንቺው ጻፊው" ስትለኝ ከወንበሬ ዘልዬ ተነሳሁ።

ችግሩ ያለው አንዲት ምልክት ላይ ነው። በየገጹ አናት ትንሽ ሥዕል ይታተማል። ትልቅ መኪና ከተሣለ "አራቱም ጎማ የሚስብ ፎርዊል ከሌላችሁ አትሞክሩት" ማለት ነው። ትንሽ መኪና ከሆነ ማንኛውም መኪና ይደርሳል ማለት ነው። ጫማ ከሆነ ደግሞ በእግር። በዚህች ምልክት ቢሮው ውስጥ ሰው ሊደባደብ ምንም አልቀረው። ግማሹ "ፎርዊል የሌለው ገደል ወጪ ምኑን ገደል ወጪ ሆነ!" ይላል። አጠገቤ የሚቀመጠው ሥዕል ሠሪ ለዚሁ ብሎ ግዙፍ መኪና ገዝቶ እስካሁን ያደረሰበት ሩቅ ቦታ የልጆቹ ትምህርት ቤት ነው። አለቃዬ ግን በወጣትነቷ በአውቶቡስና በእግሯ ያልደረሰችበት ቋጥኝ ስለሌለ፣ "ሄዶ ያየ ሰው ሳይነግረኝ አንድም ምልክት አላትምም" ትላለች። እኔ ራሴ ትልቁን መኪና ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ እያልኩ መሃል ላይ ተቀምጫለሁ።

ስለዚህ ጋሼ፣ ወደ ቋጥኛችን የሚወስደው መንገድ አሁንም እንደ ድሮው ነው? እኔ የማስታውሰው ጎረምሳው መኪናዎ እያገሳ ሲወጣ፣ የእኔም ጭንቅላት ከጣሪያው ጋር ሲጋጭ ነው። ያ መኪና አሁንም ጠዋት ጠዋት አልነሳም እያለ ያስቸግርዎታል? የመንገዱን ነገር እንዳለ ይጻፉልኝ። ፎቶም ቢልኩልኝ ገጹ ላይ አወጣዋለሁ።

ሁለታችሁንም በሩቁ አቅፌ ሳምኳችሁ።

ልጅዎ ጦጢት


ኅዳር 12

ለጦጢት፣ ለዓይኔ ብርሃን፣

እንደምን ሰነበትሽ ልጄ? ብርዱን ተጠንቀቂ፣ ካልሲ ደርቢ፣ ሞኝ አትሁኚ። እኛ ደህና ነን። ጉልበቴ ዝናብ ሊመጣ ሲል ቀድሞ ይነግረኛል እንጂ ሌላ ጥፋት የለበትም። አክስትሽም ደህና ናት። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ትሰፋና በዚያች በቁንጫዋ ጭና ለየደንበኛው ታደርሳለች። አዎ፣ ቁንጫ አሁንም በሕይወት አለች! ከቁምሳጥናችን የማትበልጥ፣ ጉድጓድ ባየች ቁጥር የምትዘል መኪና። ለገበያና ለስፌት ደንበኛ ትበቃለች፣ ከዚያ በላይ ግን ምንም አትጠብቂባት።

ጥያቄሽን ሳነብ ሳቄ መጣ። ያለ ፎርዊል? ወደዚያ ቋጥኝ? ኧረ ልጄ፣ ማን ነው እዚያ ቢሮ አእምሮሽን ያዞረው! መጀመሪያ ኮረኮንቹ አለ፣ ድንጋዩ የተሳለ ጥርስ ነው። እሱን ስትጨርሺ ወንዙ። ወንዙን ስትሻገሪ "ወገብ ሰባሪ" የምንለው ዳገት፣ ስሙን ብቻ ሰምቶ ትንሽ መኪና ወደ ኋላ ይመለሳል። እሱንም ወጣሽ እንበል፤ ያ ጠምዛዛ ኩርባ ይጠብቅሻል። እኔ ጎረምሳውን አንደኛ ማርሽ ውስጥ ከትቼ፣ አራቱንም ጎማ አስይዤ፣ ምራቄን ውጬ ነው የማልፈው። ዕድሜዬን ሙሉ ለመንገድ ሥራ ከባድ መኪና የነዳሁ ሰው ነኝ፣ መንገድ እኔን አያታልለኝም።

ደግሞ አንድ ተአምር ልንገርሽ። ጎረምሳው እያረጀ ሲሄድ ጉልበት እየጨመረ ነው! ድሮ ወንዙ ላይ ሲደርስ እንደ ግትር በቅሎ የሚያንገራግረው፣ አሁን ሸርተት ብሎ ያልፋል። ወገብ ሰባሪንም ድሮ እየተነፋረቀ ነበር የሚወጣው፣ ዘንድሮ እያንጎራጎረ። መካኒኩ "አባባ፣ ሞተር እንዲህ አይሆንም" ይለኛል። ምን ያውቃል እሱ! እኔ ዘይቱን በጊዜው እየቀየርኩ፣ ጠዋት ጠዋት እያናገርኩት ነው ያኖርኩት።

አሁን ደግሞ የልቤን ልንገርሽ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በሬን የሚያንኳኳ ሰው ቢኖር እነዚህ ገደል ወጪ ልጆች ናቸው። ጤነኞች አይደሉም። "ከኋላ በኩል እኮ የእግር መንገድ አለው፣ ሳትሰቃዩ ጫፉ ላይ ትደርሳላችሁ" ብላቸው ይስቁብኛል። ግን እወዳቸዋለሁ። ጠዋት በሩ ሲንኳኳና "አባባ፣ ዛሬ ይወስዱናል?" ሲሉኝ፣ ቁልፌን ከሚስማሩ ላይ አንስቼ እንደ ወጣትነቴ ደረቴን ነፍቼ እወጣለሁ። አንቺ ያቺን ትንሽ መኪና ከሣልሽ፣ ሁሉም በየራሱ መኪና እያፏጨ በደጄ ያልፋል። እኔ ደግሞ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ የሰው ጎማ ስቆጥር እውላለሁ። ይሄንን ትፈልጊያለሽ? አትፈልጊም። እንግዲያው ትልቁን ሣዪው፣ ያውም በወፍራሙ።

ማስረጃ ይሁንሽ ብዬ ፎቶ ልኬልሻለሁ። ቋጥኙ ሥር ጎረምሳው ቆሞ፣ እኔ ኮፈኑ ላይ እጄን ጭኜ። ያን ቀን መኪናው ውስጥ መርፌ መጣያ አልነበረም፤ ሰውና ገመድ ተደራርቦ አንዱ ልጅ እግሩን በመስኮት አውጥቶ ነው የሄደው። ያነሳችኝ አክስትሽ ናት፣ ጥግ ላይ የሚታየው ጥላ ጣቷ ነው። ምሳዬን ረስቼ ወጥቼ እሷ ባትደርስልኝ ጠኔ ይደፋኝ ነበር። ትኩስ እንቁላል በዳቦ፣ ከነሻዩ። ትባረክ።

አንድ ላስቸግርሽ። የጎረምሳው ራዲያተር የጎማ ቱቦው ተሰነጣጥቋል፣ እዚህ ልኩን አጣሁት። ብታገኚ ላኪልኝ። ለራስሽም ፎርዊሉን ግዢ፣ አታመንቺ።

በጤና ያቆይሽ፣ ሰው ፊት ከፍ ያድርግሽ።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 15

ለውድ አጎቴ፣

ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ልቤ ቅቤ ጠጣ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት፣ ካልሲም ደርቤአለሁ። ቱቦውን አንድ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ዘንድ አግኝቼ በዚህ ሳምንት ልኬዋለሁ። ሻጩ የጎረምሳውን ዕድሜ ስነግረው ባርኔጣውን አወለቀ።

ፎቶውን ቢሮ ውስጥ ግድግዳው ላይ ሰቀልኩት። ሁሉም እየመጣ አየው። ሥዕል ሠሪው "ይኸው! አላልኳችሁም? መኪና ማለት ይሄ ነው!" እያለ ሲፎክር ዋለ። ትልቁን ምልክት ልሥል እርሳሴን አነሳሁ። ከዚያ አለቃዬ መጣች። መነጽሯን ግንባሯ ላይ አውጥታ፣ አፍንጫዋ ፎቶውን ሊነካ እስኪደርስ ተጠግታ አየችው።

"ይሄ አጎትሽ ነው?" አለችኝ። አዎ አልኳት።

"መኪናው ሙሉ ነበር አላልሽም?" ጢም ብሎ ነበር አልኳት፣ እግሩን በመስኮት ስላወጣው ልጅ ነገርኳት፣ ሳቀች።

"ፎቶውን ያነሳው ማን ነው?"

"አክስቴ ናቸው። ምሳ ይዘውላቸው መጥተው።"

"በምን መጡ?"

ጋሼ፣ ፎቶውን ደግሜ አየሁት። አለቃዬም መነጽሯን አውርዳ ወደ ክፍሏ ሄደች። እርሳሴን አስቀመጥኩ።

እትዬ በምን መጡ?

ይጻፉልኝ፣ እጠብቃለሁ። ለእትዬ ሰላም ይበሉልኝ።

ጦጢት


የካቲት 3

ለምወድዎ አጎቴ፣

እንደምን አሉ? ደብዳቤዎ ከቀረ ስለቆየ ሐሳብ ገብቶኛል። የፖስታ ቤቱ ሰው ባየኝ ቁጥር ከሩቅ ራሱን ይነቀንቅልኛል። ቱቦው አልደረሰም? ወይስ አመመዎት? ወይስ በጥያቄዬ ተቀየሙኝ? ተቀይመው ከሆነ ይቆጡኝ፤ ቁጣዎን ለምጄዋለሁ፣ ዝምታዎን ግን አላውቅበትም።

እኔ ደህና ነኝ። ባለፈው እሁድ ወደ አንድ ሩቅ ቋጥኝ ሄደን ነበር። ሥዕል ሠሪው በግዙፉ መኪናው፣ እኔና አለቃዬ በእሷ ትንሽ መኪና። እኛ መንገዱ ሲበላሽ ጥግ ላይ አቁመን፣ ገመዳችንን ተሸክመን በእግራችን ሄድን። እሱ "እናንተ ተንቀራፈፉ፣ እኔ እሄዳለሁ" ብሎ እየፎከረ አለፈን። ስንደርስ የለም። ወጥተን፣ ወርደን፣ ስንመለስ ጭቃ ውስጥ እስከ በሩ ተቀብሮ አገኘነው። አካፋ አልያዘም ነበር። ጨክነን ትተነው ልንሄድ ነበር፣ ግን መንገድ ላይ የጠራረግነውን ብስኩት ሁሉ እሱ ነበር የጋገረው።

የእኔን ነገር ደግሞ በግልጽ ልንገርዎ። መጽሐፉ በሚያዝያ መጀመሪያ ማተሚያ ቤት ይገባል፣ ያለ ምልክት የቀረው ገጽ የእኛ ብቻ ነው። እርስዎ "ትልቁን ሣዪ" ካሉኝ እሣላለሁ፤ የእርስዎ ቃል ይበቃኛል፣ አለቃዬንም እጋፈጣለሁ። ግን አንድ ነገር ከሆዴ አልወጣ አለ። ትልቅ መኪና የሌለው ሰው ያንን ምልክት ሲያይ "ይሄ ለእኔ አይደለም" ብሎ ገጹን ይገልጣል። አውቀዋለሁ፣ እኔ ራሴ ስንቱን ገጽ እንዲያ ገልጬአለሁ። የእኔን ቋጥኝ ሰው እንዲያ ሲያልፈው ማሰብ ሆዴን ያባባዋል። የእርስዎ በር ሳይንኳኳ ሲቀር ማሰብም ያባባዋል። በመካከል ነኝ።

ቢያንስ ደህና መሆንዎን ይጻፉልኝ።

ጦጢት


የካቲት 29

ለነገረኛዋ ልጄ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ዝም ያልኩት ታምሜ አይደለም፣ አኩርፌ ነው። ባንቺ እንዳይመስልሽ። በማን እንዳኮረፍኩ እኔም ቆይቶ ነው የገባኝ።

ያን ደብዳቤሽን ያነበብኩ ዕለት "ምን ያለ ቀላል ጥያቄ ነው!" ብዬ ብዕር አነሳሁ። "አክስትሽ የመጣችው በ" ብዬ ጻፍኩና ቆምኩ። በእኔ መኪና አልመጣችም። በእግሯ እንዳልል እንቁላሉ ትኩስ ነበር። ያኔ ክው አልኩ። ልጄ፣ ይህቺ ሴት ምሳ ይዛልኝ መምጣት የጀመረችው ትናንት አይደለም። ስንት ዓመት ሙሉ እኔ እረሳለሁ፣ እሷ ትደርሳለች። አንድም ቀን "በምን መጣሽ?" ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ርቦኝ ነዋ! ምሳ ሲመጣ ማን መኪና ይጠይቃል?

ወደ ስፌት ክፍሏ ገባሁ። ስፒል በከንፈሯ ይዛ እጀታ ትለካለች።

"አንቺ፣ ያን ቀን ምሳዬን ያመጣሽው በምን ነበር?"

"በቁንጫ ነዋ። በምን ልምጣ፣ በክንፍ?" ቀና እንኳን አላለችም።

"እስከ ቋጥኙ?"

"እስከ ኩርባው። ከዚያ በእግሬ።"

"ከኩርባው ወዲያ አልወጣ ብላ ነው?" አልኳት። ተስፋ አግኝቼ ነበር።

ስፒሉን ከአፏ አወጣች። "ምን በወጣት! ሰዎቹ እንዳያዩዋት ብዬ ነው እንጂ። አንተ ኮፈኑ ላይ እጅህን ጭነህ 'ያለ ፎርዊል አይሞከርም' እያልካቸው፣ እኔ ከኋላህ በቁንጫ ብቅ ልበል?"

ዘራፍ አልኩ። ወንዙንስ? ዳገቱንስ? ውሸት ነው አልኩ። "ተነስ ላሳይህ" አለችና ቁልፏን አነሳች።

ቁንጫ ውስጥ ስገባ ጉልበቴ አገጬን ነካ። ኮረኮንቹ ላይ ስትደርስ አክስትሽ አልቸኮለችም። ጎማዋን በድንጋዮቹ ጫፍ ጫፍ ላይ እያስረገጠች፣ ልክ ጠርዝ እንደምትሰፋ ቀስ ብላ ተከተለችው። ወንዙ ጋ ዓይኔን ጨፈንኩ። ምንም አልሆነም። ስከፍተው ከውሃው ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ ለግራና ለቀኝ ጎማ ተደርድሮ አየሁ።

"ይሄን ማን ሠራው?"

"እኔ። በመጣሁ ቁጥር አንዳንድ ድንጋይ እጥላለሁ።"

ወገብ ሰባሪ ሥር አቆመችና "ውረድ፣ ከብደሃል" አለችኝ። እኔን! ዕድሜዬን ሙሉ መሪ ይዤ የኖርኩትን! ወረድኩ፣ ምን አደርጋለሁ። በእግሬ እያለከለክሁ ስወጣ ቁንጫ እየዘለለች ቀደመችኝ። መንገዱን ለመጀመሪያ ጊዜ በእግሬ አየሁት ልጄ። ከመኪና ላይ ሆኜ አይቼው አላውቅም ነበር። ጉድጓዱ ሁሉ ሞልቷል። አንዱ በድንጋይ፣ አንዱ በጠጠር፣ አንዱ ደግሞ በጨርቅ ከረጢት በታሰረ አሸዋ። ጨርቁን አወቅሁት። የድሮ የሳሎናችን መጋረጃ!

ዳገቱ መሃል ቁጭ አልኩ። ያ ጎረምሳው እያረጀ ጉልበት ጨመረ እያልኩ ለመካኒኩ ስፎክር የኖርኩት፣ ለካ በአክስትሽ ድንጋይ ላይ ስነዳ ነው። መጀመሪያ ሳቅሁ፣ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ከዚያ አንጀቴን በላችኝ። እሷ መኪናዋን ከኩርባው ጀርባ ደብቃ ምሳ ስታቀብለኝ፣ እኔ ዳቦዬን እየገመጥኩ ስለ ጎረምሳው ጀግንነት ሳወራላት ነበር። እሷም "አይ እሱ!" እያለች ስትሰማኝ ነበር።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት።

"ደስ ብሎህ ነበራ" አለች።

ከዚያ ወዲህ ነው ያኮረፍኩት። በራሴ። ከእንግዲህ ሰው ፊት ቆሜ "ያለ ፎርዊል አይሞከርም" ማለት አልችልም፣ ምላሴ እምቢ ይለኛል። እንግዲህ ሣዪው፣ ትንሿን መኪና ሣዪ። እውነቱ ይሄ ነው። ድሮ ፎርዊል ግድ ነበር፣ በዚህ አልዋሸሁሽም። አሁን ግን ግድ አይደለም፣ ግድ እንዳይሆን ያደረገችውም ሚስቴ ናት። በረንዳ ላይ የምቀመጥበትን ወንበር ሚስማር መትቼ አጠንክሬዋለሁ። አለቃሽንም ዓይኗ ይባረክ በያት፣ ትንሽ እየጎመዘዘኝ።

ቱቦው ደርሶኛል፣ ልኩ ነው። አሁን ደግሞ ለቁንጫ የመስታወት መጥረጊያ ብትልኪ። የቀኙ ተሰብሮባት በእጇ እየጠረገች ነው የምትነዳው።

ጦጢቴ፣ እኔ ነኝ፣ እትዬሽ፤ ብዕሩን ነጥቄው ነው። እሱ ከሚለው ግማሹን እመኚ። መጽሐፉ ላይ ግን እንዲህ ብለሽ ጨምሪበት፦ በዝግታ ይነዳ። ዳገቱ ላይ ከባድ ከባዱ ሰው ይውረድ። ዝናብ ከጣለ ማንም አይሞክር፣ ወንዙ ቀልድ አያውቅም። ጉድጓድ ያየ ድንጋይ ይጣልበት። ሌላው ደግሞ የእኔና ያንቺ ነገር ነው። አጎትሽ ሳይቀልድ መብላት ጀምሯል፣ አልወደድኩትም። አንቺ መጽሐፍ የምትጽፊ ልጅ ነሽና አንድ ነገር አስቢበት።

ሁለታችንም ስመንሻል።


ሚያዝያ 26

ለሁለታችሁም፣ ለምወዳችሁ፣

ሰላም ነው? ጋሼ፣ ያንን ደብዳቤ ቢሮ ውስጥ ጮክ ብዬ አነበብኩት፣ ይቅር ይበሉኝ። "ውረድ፣ ከብደሃል" የሚለው ላይ ሥዕል ሠሪው ከወንበሩ ሊወድቅ ነበር። የመጋረጃው ላይ ስደርስ አለቃዬ መነጽሯን አውልቃ ጠረገች። ለረጅም ጊዜ ጠረገችው።

መጽሐፉ ታትሟል! ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ልኬላችኋለሁ፣ ሁለት የመስታወት መጥረጊያም አብሮ አለ። ፖስታ ቤት ቢዘገይ እንዳታማርሩኝ ብዬ የእኛን ገጽ እዚሁ ልገልብጥላችሁ። አናቱ ላይ ትንሽ መኪና ተሥላለች። ሥዕል ሠሪው ነው የሣላት፤ ልብ ብላችሁ ካያችኋት ጎማዎቿ ከመሬት ትንሽ ከፍ ብለዋል፣ እየዘለለች ነው። ከሥሯ እንዲህ ይላል፦

"በደረቅ ወቅት ማንኛውም ትንሽ መኪና በዝግታ ከነዱት ይደርሳል። ፎርዊል አያስፈልግም። ዳገቱ ላይ ከባድ ሰዎች ወርደው በእግራቸው ይውጡ። መንገዱ የተጠገነው በእጅ ስለሆነ፣ ጉድጓድ ያየ ድንጋይ ይጨምርበት። ወንዙ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ፣ ማንም ሰው ከከተማው መውጫ ያለውን አረንጓዴ በር አንኳኩቶ የዕለቱን ሁኔታ ሳይጠይቅ አይሂድ።"

አረንጓዴውን በር የምታውቁት ይመስለኛል። ይሄንን ለማባበል የጻፍኩት እንዳይመስልዎ ጋሼ። አለቃዬ ራሷ "መንገድ በየቀኑ የሚያይ ሰው እያለ መጽሐፍ አምነው ይሂዱ?" ብላ ነው ያሰመረችበት።

አንድ ነገር ደግሞ እሷ ጨመረች። በመጽሐፉ ውስጥ እያንዳንዱ መንገድ ስም ሊኖረው ይገባል። የእኛው ስም አልነበረውም። ብዕሯን አንስታ ብዙ ሳታስብ ጻፈችው፦ "የምሳ መንገድ"።

እኔ ፎርዊሉን ትቼዋለሁ። በመኪናው ገንዘብ ዝናቡ ካለፈ በኋላ ለመምጣት የአውሮፕላን ቲኬት ቆርጫለሁ። ገመዴን ይዤ እመጣለሁ። በጎረምሳው ልሂድ ወይስ በቁንጫ፣ እሱን እናንተ ተነጋገሩበት፤ እኔ ውስጥ አልገባም።

በናፍቆት፣ ጦጢት


ሰኔ 14

ለልጄ ለጦጢት፣ ስሟ መጽሐፍ ላይ ለታተመላት፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ፣ መምጫሽን ሰላማዊ ያድርገው። መጽሐፉ ደርሶናል። አክስትሽ በጨርቅ ለብዳ የስፌት መኪናዋ አጠገብ አስቀምጣዋለች፣ ደንበኛ ሁሉ ልብሱን ከመለካቱ በፊት እሱን ማየት አለበት። የመንገዱን ስም ደጋግማ አነበበች። ያን ቀን ከሰዓት ሙሉ ስታንጎራጉር ሰማኋት።

በሩን ብትጠይቂኝ ልጄ፣ ቀለሙ ለቀቀ! ያንኳኩታል፣ ያንኳኩታል። ድሮ ትልቅ መኪና አጥቶ የሚቀረው ሁሉ አሁን በየትንሿ መኪናው እየመጣ ነው። ባልና ሚስት፣ አስተማሪዎች፣ አንድ ጥርስ ሐኪም ከነእናቱ። "አባባ፣ ወንዙ ዛሬ እንዴት ነው?" ይሉኛል። እንዴት እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ በጠዋት ሄጄ ማየት አለብኝ፤ ሰው መጽሐፍ ላይ ጽፎብኝ እንዴት ተኝቼ ልነሳ! በረንዳ ላይ ያለው ወንበር ላይ ድመቷ ተኝታበታለች።

ጎረምሳውን አዝነሽለት ከሆነ አትዘኚ። ሥራ አግኝቷል። ድንጋይ ያመላልሳል! ጠጠሩን፣ አሸዋውን፣ ጠፍጣፋውን ድንጋይ ጀርባው ላይ ቆልዬ አወጣበታለሁ። ያን ሁሉ ክብደት ዳገቱን ማውጣት የሚችለው ደግሞ እሱ ብቻ ነው፤ በዚህኛው ማንም አይከራከረኝም። ገደል ወጪዎቹ ፎርዊል አያስፈልጋቸውም፣ መንገዱ ግን ያስፈልገዋል። መካኒኩ አንድ ቀን አብሮኝ መጥቶ ጎረምሳው ሲያቃስት ሰምቶ "አሁን ዕድሜውን መሰለ" አለኝ። ዝናቡ ሳይበረታ ወንዙ ላይ ያለውን ድርድር በእጥፍ ልናሰፋው ነው። አክስትሽ የት እንደሚቀመጥ በጣቷ ታሳያለች፣ እኔ አስቀምጣለሁ። "ወደ ግራ። አይ፣ ወደ ግራ አልኩህ!" ትለኛለች። መንገድ ሥራ ላይ ስኖር እንዲህ ያለ አለቃ ገጥሞኝ አያውቅም።

ቁንጫንም ከኩርባው ጀርባ አትደብቃትም አሁን። ቀጥ አድርጋ ጎረምሳው አጠገብ ታቆማታለች። ልጆቹ ሲያዩዋት ያጨበጭባሉ፣ እሷም ከመኪናዋ ስትወርድ ምንም እንዳልተፈጠረ ታስመስላለች። ውሸቷን ነው፣ ጆሮዋ ይቀላል።

በይ እንግዲህ፣ አንዲት ምስጢር ልንገርሽና ላብቃ፣ ለማንም እንዳታወሪ። ጠዋት ድንጋዬን ጭኜ ስወጣ ምሳዬ ጠረጴዛው ላይ ተቋጥሮ ተቀምጦ አየዋለሁ። አየዋለሁና ትቼው እወጣለሁ። አውቄ ነው። ከዚያ ዳገቱ ላይ ሆኜ ሥራዬን እየሠራሁ፣ ያቺ ቁንጫ እየዘለለች ስትመጣ ከላይ አያታለሁ። አክስትሽ እንዳትሰማ።

እስክትመጪ በሩን ክፍት አድርጌ እጠብቅሻለሁ።

አጎትሽ

ደብዳቤውን ፖስታ ቤት የማደርሰው እኔ እትዬሽ ነኝ፣ ጦጢቴ። አውቃለሁ በይው። ቋጠሮው ውስጥ ያለው ባዶ ዳቦ ነው፤ እንቁላሉን የምጠብሰው እሱ ከወጣ በኋላ ነው።